ካንተርበሪ ሄዳችሁ ምን ታያላችሁ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዝ አገር የባቡር ጉዞ ስጽፍ ካንተርበሪን በ2 ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እሷ ሆኑ። ደስ ብሎኛል፤ የምወዳት ከተማ ናት። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ ትገኛለች። ትንሽ ናት፣ መሃሏን በእግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ትጨርሱታላችሁ። ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ መንበር ከ1,400 ዓመት በላይ የኖረው እዚያ ነው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ 6 መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ትመጣለች። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ለንደን ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ማዞር አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ስታይ ግን ነፍሷ ደስ ይላታል። ለአንድ ቀን ካንተርበሪ ልወስዳት አስቤያለሁ። ደረጃው ብዙ ነው ይባላል፣ ትችለዋለች? ከየትስ እንጀምር?
የእናቷ ልጅ፣ ከለንደን

እህቴ፣ ጥሩ አስበሻል። መጀመሪያ ባቡሩን እንጨርስ። ከሴንት ፓንክራስ የሚነሳው ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ካንተርበሪ ዌስት ያደርሳችኋል። ከተማዋ 2 ጣቢያ ነው ያላት፣ ስለዚህ ትኬት ስትቆርጪ «ዌስት» የሚለውን አስተውዪ። ኢስትም መጥፎ አይደለም፤ ከቪክቶሪያ የሚመጣው ባቡር የሚያቆመው እዚያ ነው። ግን ዌስትን የምመርጠው ባቡሩ ስለሚፈጥን ብቻ አይደለም፤ በድሮዎቹ ተሳላሚዎች በር እንድትገቡ ስለምፈልግ ነው።

ያ በር ዌስትጌት ይባላል። በ1380 አካባቢ የተሠራ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ድብልብል ግንብ፣ ቁመቱ 18 ሜትር ገደማ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከቀሩት የመካከለኛው ዘመን የከተማ በሮች ትልቁ። መኪና እስከ ዛሬ በመሃሉ ያልፋል። ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ነው። በሩን ካለፋችሁ በኋላ ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ፤ በቀን ለእግረኛ የተተወ ስለሆነ እናትሽ ከመኪና ጋር አትጋፋም። ከዚያ በግራ በኩል መርሰሪ ሌን የምትባል ቀጭን መንገድ አለች። የፎቆቹ አናት ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ብሎ፣ የወዲህና የወዲያው ቤት በጆሮ የሚንሾካሾኩ ይመስላሉ። ጫፏ ላይ የካቴድራሉ፣ ማለት የሊቀ ጳጳሱ መንበር ያለበት የትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ግቢ በር ይታያል። እዚያ ስትደርሱ እናትሽን አታጣድፊያት። አንገቷን ቀና አድርጋ ትየው።

ደረጃው እውነት ነው፣ አለ። ከታላቁ አዳራሽ ወደ መዘምራኑ ቦታ ስትሄዱ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ደግሞ ሌላ ደረጃ አለ። በእግሩ መውጣት ለሚከብደው ሰው ሌላ መንገድ ስለሚያሳዩ ገና በር ላይ ተናገሪ። «ትንሽ ያማታል ግን ትችላለች» እያልሽ አትሸፋፍኚው።

እኔ እማዬን የወሰድኳት በጥቅምት ነበር። እሷም ጉልበቷ ደህና አልነበረም። ከመሬት በታች ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የሚያወርደው ደረጃ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» አልኳት። «አንተ አታውልቅ» አለችኝ። ጫማዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና በብብቷ ያዘች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ በካልሲ ውስጥ ያልፋል። ወለሉን የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት መጥተው እግሯን አሟት እንደሆነ በዝግታ ጠየቁኝ። እኛ አገር ቤተ መቅደስ በጫማ እንደማይገባ ነገርኳቸው። ዝም ብለው እግሯን አዩ። ከዚያ ሄደው ወንበር ይዘው መጡና ከአንዱ ዓምድ አጠገብ አኖሩላት። እማዬ እዚያ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ጸለየች። የቀረውን ሁሉ ረስታለች፣ ያቺን ወንበር ግን እስከ ዛሬ ታነሳታለች።

ስለዚህ ወፍራም ካልሲ ያዢላት። ጠዋት ግቡ፣ ቡድን ይዘው የሚመጡት ሳይበዙ። መጀመሪያ ታች ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ጾም ከሆነ ምግብ ቤት ውስጥ «ቪጋን» ብትዪ ይገባቸዋል፣ አይቸግራችሁም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ባለፈው ዓመት ካንተርበሪ ወስደውኝ ነበር። ትልቅ ነው፣ ያምራል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከኋላ በኩል ባዶ ወለል ላይ አንዲት ሻማ ብቻዋን ትበራለች። ምንም የለም፣ መቃብር የለም፣ ሥዕል የለም። ሰው ግን ዙሪያዋን ዝም ብሎ ይቆማል። ልጆቼን ብጠይቅ «አንድ ጳጳስ ነው» አሉኝ። የትኛው ጳጳስ?
ጡረተኛው፣ ከብሪስቶል

አባቴ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የርስዎን ነው የወደድኩት። ካንተርበሪ የሄደ ሰው ያቺን ሻማ ካልጠየቀ የሄደበትን አላየም ማለት ነው።

ሰውየው ቶማስ ቤኬት ይባላል። ለንደን የተወለደ የነጋዴ ልጅ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የልብ ወዳጅና ዋና ሹም ነበር። ንጉሡ «የራሴ ሰው ነው» ብሎ በ1162 ሊቀ ጳጳስ አደረገው። ቶማስ ግን መንበሩ ላይ ሲቀመጥ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነ። ካህን ሲያጠፋ ማን ይፍረድበት፣ የንጉሥ ዳኛ ወይስ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚለው ተጣሉ። በ1164 ሸሽቶ ፈረንሳይ ገባና 6 ዓመት በስደት ቆየ። በ1170 መጨረሻ ታርቀዋል ተብሎ ተመለሰ። ወር እንኳ አልቆየም።

ታኅሣሥ 29 ቀን ማታ፣ መነኮሳቱ የሠርክ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ 4 የንጉሡ ፈረሰኞች ሰይፍ ይዘው መጡ። መነኮሳቱ በሩን ሊዘጉ ሮጡ። እሱ ግን ክፈቱ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ምሽግ አይደለም ብሎ። እዚያው ወለሉ ላይ ራሱን በሰይፍ መቱት። ለእንግድነት የመጣ ኤድዋርድ ግሪም የሚባል ካህን በክንዱ ሊከልልለት ሞክሮ ክንዱ ቆሰለ። በኋላም ያየውን የጻፈው እሱ ነው። የመጨረሻው ሰይፍ ከምቱ ብርታት የተነሳ ጫፉ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። ሌሊት መነኮሳቱ አስከሬኑን ሲገንዙ ከሊቀ ጳጳስ ልብሱ ሥር ማቅ ለብሶ አገኙት። ከላይ ሐር፣ ከውስጥ ማቅ። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ ነው ያልኩት።

የተገደለበት ቦታ ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሰይፍ የሚመስሉ ብረቶች ከነጥላቸው ተሰቅለዋል፤ ብረቱ 2፣ ከጥላው ጋር 4 ይሆናል። በ1982 የሮሙ ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ እዚያ ጎን ለጎን ተንበርክከው ጸልየዋል።

በ1173 ቅዱስ ተባለ። ንጉሡ ራሱ በ1174 ንስሐ ሊገባ መጣ። ከከተማዋ ውጭ፣ ዛሬ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ እየደማ ካቴድራሉ ድረስ ሄደ። መቃብሩ ላይ ተደፍቶ በመነኮሳቱ ተገረፈ፤ ሌሊቱንም እዚያው አደረ። ንጉሥ ነው እንግዲህ፣ የዘመኑ ኃያል።

በ1220 አጽሙን ከምድር በታች አውጥተው፣ እርስዎ ሻማዋን ያዩበት ቦታ ላይ በወርቅና በዕንቁ የተሸፈነ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ከ300 ዓመት በላይ ሰው ከመላው አውሮፓ መጣ። ከደሙ ጠብታ ተደባልቆበታል የሚባል ውኃ በትናንሽ የቆርቆሮ ዕቃ እየቀዱ በአንገታቸው አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ጸበል ማለት ነው። ለእርስዎ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለእንግሊዝ ጓደኞቼ ግን ስነግራቸው ይገርማቸዋል።

ሻማዋ ጋ ከመድረስዎ በፊት የወጡባቸውን ደረጃዎች ያስታውሳሉ? መሃላቸው ተበልቶ ጎድጉዷል። እንደ አሮጌ ሙቀጫ። ተሳላሚው በጉልበቱ እየዳኸ የወጣበት ነው። እጄን አሳርፌበት አውቃለሁ፣ ለስልሶ እንደ ሳሙና ነው። እንግዲህ በ1538 ሄንሪ 8ኛ ያን ሁሉ አስፈረሰው። ወርቁ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሄደ። አጽሙ የት እንደገባ ዛሬም በእርግጥ አይታወቅም። ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። ሻማዋ የምትበራው ለዚያ ነው።

እንደገና ከሄዱ ሻማዋ ጋ ቆመው ዙሪያውን ያሉትን የመስታወት ሥዕሎች ይዩ። የቶማስ ተአምራት ናቸው፣ ከ800 ዓመት በላይ የቆዩ። ነገሥታት አይደሉም የተሣሉት፤ ተራ ሰዎች ናቸው። ሄንሪ የሚባል፣ ከካንተርበሪ አጠገብ የፎርድዊች መንደር ሰው አለ፤ አእምሮው የታወከ። በአንደኛው ሥዕል ሁለት ሰዎች እጁን በገመድ አስረው፣ በዱላ እየመቱ ወደ መቃብሩ ይነዱታል። በሚቀጥለው ተንበርክኮ ያመሰግናል፣ ገመዱና ዱላው መሬት ላይ ወድቀዋል። እንጦጦ ጸበል ሰው ይዞ የሄደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥዕል ያለ አስጎብኚ ያነበዋል። መነጽርዎን አይርሱ፣ ሥዕሎቹ ከፍ ብለው ነው ያሉት።

ጥያቄ፦ ሰላም። በስኮላርሺፕ ካንተርበሪ ልማር መጥቻለሁ፣ ገና አንድ ወሬ ነው። ብር የለኝም። የካቴድራሉ መግቢያ ለኔ ውድ ነው። ከተማዋን በነጻ እንዴት ልያት?
አዲስ ገቢ፣ ከኬንት

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና ገባህ። ለጸሎት የሚገባ ሰው አይከፍልም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በሥራ ቀን ማታ በእነሱ ሰዓት 5፡30፣ በኛ 11 ሰዓት ተኩል፣ የሠርክ ጸሎት አለ። መዘምራኑ ሕፃናትና አዋቂዎች ናቸው፣ መዝሙረ ዳዊት ነው በዜማ የሚሉት። 45 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። መዘምራኑ ከሚቆሙበት አጠገብ ያስቀምጡሃል፣ ድምፁ ጣሪያው ጋ ደርሶ ሲመለስ ትሰማዋለህ። በክረምት ውጭው ጨልሞ፣ ውስጡ መብራት ጥቂት ሆኖ ሲዘምሩ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ የሀገር ናፍቆት ያለበት ሰው እዚያ ቢገባ ጥሩ ነው። ለሥዕሎቹና ለምድር ቤቱ ግን አንድ ቀን ከፍለህ ግባ። እስከዚያ ዩኒቨርሲቲህ ለተማሪ ምን እንደተዋዋለ ጠይቅ፤ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንክ ምረቃችሁም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው የሚደረገው።

የቀረው አብዛኛው ነጻ ነው። የከተማዋ ግንብ ላይ ወጥተህ ሂድ፤ መሠረቱ የሮማውያን ነው፣ ከግማሽ በላዩ እስከ አሁን ቆሟል። ዴን ጆን የሚባለው ጉብታ ላይ ውጣ፣ ከተማውን ታያለህ። ቢኒ የሚባለው ሙዚየም መሃል መንገዱ ላይ ነው፣ አይከፈልበትም፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ዝናብ ሲይዝህ ግባበት። የኬንት ዩኒቨርሲቲ ካለበት ኮረብታ ላይ ደግሞ ጠዋት ጭጋግ ሲሆን የካቴድራሉ ዋና ግንብ ብቻውን ከደመና ወጥቶ ይታያል። ቁመቱ 72 ሜትር ገደማ ነው።

አንድ ቦታ ግን አደራ እልሃለሁ። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን። ከካቴድራሉ ወደ ምሥራቅ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ትንሽ ናት፣ ከመቃብር ድንጋዮች መሃል ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። በርታ የምትባል የፍራንኮች ንጉሥ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ አረማዊውን የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርትን አገባች። ስትዳር ሃይማኖቷን እንደያዘች ልትኖር ተስማምተው ነበር። ጳጳሷን ይዛ መጣች፣ እዚህች ትንሽ ቤት ውስጥ ትጸልይ ነበር። ከሮም የተላከው አውግስጢኖስ በ597 ሲደርስ እንግሊዝ አገር ጸሎት የጀመረው እሷ በምትጸልይበት ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ አልተዘጋችም። እንግሊዝኛ በሚናገረው ዓለም ያለማቋረጥ ሲጸለይባት የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን እሷ ናት። ግድግዳዋ ውስጥ የሮማውያን ቀይ ጡቦች በዓይን ይታያሉ፤ ቀጭን ናቸው፣ የጣት ውፍረት ያላቸው፣ ረድፍ ይዘው ከድንጋዩ መሃል። አብዛኛው ጎብኚ እዚያ አይደርስም። እኔ ግን ካቴድራሉ ውስጥ ካለው ወርቅና መስታወት ሁሉ ይልቅ የአንዲት ባዕድ አገር የተዳረች ሴት ጸሎት የተከለው ይበልጥብኛል። ሁልጊዜ ስለማትከፈት የምትከፈትበትን ቀን አስቀድመህ እይ።

ካቴድራሉ፣ ቅዱስ ማርቲን እና የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ፍርስራሽ ሦስቱም በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ፍርስራሹ ይከፈልበታል። ኤቴልበርትና በርታ የተቀበሩት እዚያ ነበር። የሁለቱ ሐውልት ግን ውጭ ባለችው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ስለሆነ በነጻ ታየዋለህ፤ እሷ ከቅዱስ ማርቲን ስትመለስ፣ እሱ ሲጠብቃት።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሻማ ባበራ፣ ባማትብ፣ ነውር ነው? ጓደኛዬ «ሙዚየም ነው፣ ዝም ብለሽ ፎቶ አንሺ» ትለኛለች።
ግራ የገባት፣ ከማንችስተር

እህቴ፣ የሃይማኖቱን ጉዳይ ለነፍስ አባትሽ ተዪው፤ እኔ መልስ ልሰጥሽ አልችልም። ስለ ሥርዓቱ ግን ልንገርሽ። ሙዚየም አይደለም። በየቀኑ ይጸለይበታል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከኛ በብዙ ነገር ትለያለች፤ በ2025 ለመንበሩ የተሰየሙት ሊቀ ጳጳስ ሴት ናቸው፣ ሳራ ሙላሊ፣ በፊት ነርስ የነበሩ። የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ልዩነቱን አውቀሽ ግቢ፣ አክብረሽ ግቢ። ብታማትቢ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ሻማ ማብሪያ ቦታ አለ። በሠርክ ጸሎት ላይ ቁርባን የለም፤ መቀመጥና መስማት ብቻ ነው፣ ሰው ሲቆም ትቆሚያለሽ። ከመሬት በታች ባለው ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አይነሳም። እዚያ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ ጓደኛሽም ትክተት።

ያ የምድር ቤት ነገር ካነሳሁ አይቀር። የካቴድራሉ አሮጌ ክፍል እሱ ነው፤ ዓምዶቹ አጫጭር፣ አናታቸው ላይ አውሬና አበባ የተቀረጸባቸው። አንዱ ጥግ ላይ ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ተሰደው የመጡ ፕሮቴስታንቶች፣ ሁግኖቶች የሚባሉት፣ የሚጸልዩባት ክፍል አለች። እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ ይጸለይባታል። አብዛኞቹ ሸማኔዎች ነበሩ፤ ዋናው መንገድ ላይ ወንዙ ዳር ያለው የሸማኔዎች ቤት የሚባለው አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቤት በእነሱ ስም የሚጠራ ነው። በሰው አገር፣ በሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥግ ተሰጥቷቸው በራሳቸው ቋንቋ መጸለይ። እኛ ስንቶቻችን በዚህ አገር የእነሱን ቤተ ክርስቲያን እየተዋስን ቅዳሴ አስቀድሰናል? እዚያች በር ላይ ስቆም ሁልጊዜ ይህ ነው የሚመጣብኝ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ለንደን እመጣለሁ፣ ነጻ የምሆነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዮርክ ይሻላል ወይስ ካንተርበሪ? ባልደረቦቼ ዮርክ ይላሉ።
መንገደኛው፣ ከአዲስ አበባ

አንድ ቀን ከሆነ ካንተርበሪ። ዮርክ ከለንደን በባቡር ወደ 2 ሰዓት ነው፤ ደርሶ መልስ 4 ሰዓት ባቡር ላይ ትበላለህ። ባልደረቦችህ ግን አልተሳሳቱም። የዮርክ ካቴድራል ከውጭ ሲታይ ከካንተርበሪ የበለጠ ግርማ አለው ብል አላጋነንኩም፤ የምሥራቁ ትልቁ መስኮት ከ1405 እስከ 1408 ባለው ጊዜ የተሠራ ሆኖ አንድ ሙሉ ግድግዳ የሚያህል ባለ ቀለም መስታወት ነው፣ ከፍጥረት እስከ ዮሐንስ ራእይ። የከተማዋም ግንብ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያስኬድሃል። 2 ቀን ካለህ፣ አንድ ሌሊት የምታድር ከሆነ፣ ዮርክ ሂድ። በአንድ ቀን ሮጠህ ከምታየው ግን ካንተርበሪን ረጋ ብለህ እይ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደርሼ፣ ግማሹን ሳላይ በር ዘጉብኝ። ጠዋት 2 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ከለንደን ተነሳ።

ካንተርበሪ መሃል የአዲስ ዘመን ሱቆች ስታይ «ይሄ ነው እንዴ ጥንታዊ ከተማ?» እንዳትል። ሰኔ 1 ቀን 1942 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋት ከመሃሏ ብዙው ነደደ። ካቴድራሉ የተረፈው ጣሪያው ላይ ሰዎች ተመድበው የሚወድቀውን የእሳት ቦምብ እያነሱ ወደ መሬት ስለወረወሩት ነው። የጥንቶቹን መስታወቶች አስቀድመው አውልቀው ደብቀዋቸው ነበር። አሁን የምታያቸው እነዚያው ናቸው።

ጥያቄ፦ 2 ልጆች አሉኝ፣ 6 እና 9 ዓመት። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነ ይሰለቻቸዋል። ሌላ ምን አለ?
የሁለት እናት፣ ከለንደን

ጀልባ። ስቱር የሚባለው ወንዝ ከተማውን መሃል ለመሃል ያቋርጣል፤ ወጣቶች እየቀዘፉ ወይም በረጅም እንጨት እየገፉ በድልድዮች ሥር ይወስዷችኋል። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ልጆቹ ጎንበስ ማለቱን ይወዱታል። የሮማውያን ሙዚየምም አለ፣ ከመንገዱ በታች፤ ሮማውያን የረገጡት የጠጠር ሥዕል ወለል በነበረበት ቦታ ይታያል። ዌስትጌት አጠገብ ወንዙ ዳር ያለው የአትክልት ቦታ ምሳችሁን ይዛችሁ ለመቀመጥ ይመቻል፣ ዳክዬ ሞልቷል። ካቴድራሉን ከአንድ ሰዓት በላይ አታስረዝሚባቸው። ለትልቁ የፎርድዊቹን ሄንሪ ሥዕል ፈልግ በዪው፣ ለትንሹ የተበሉትን ደረጃዎች እንዲቆጥር ንገሪው። አየሩ ደህና ከሆነና ጊዜ ከተረፋችሁ ዊትስተብል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። ባሕሩ ዳር ጠጠር እንጂ አሸዋ ስላልሆነ ጫማ ያዢላቸው።